የመርከቧ መዝገብ በበርበሬ ሸራ ላይ

ጥቅምት 3፣ ጠዋት 2፡00

በርበሬ አሰጣሁ። ደመና የለም፤ ደግ ቀን። መጋዘን ውስጥ ግን ሌላ ጉድ። ጣሪያው አፍስሶ የአባቴ ሣጥን ረጥቧል፤ መዝገቡም አብሮ።

ደብተሬ፣ ላንተ ነግሬህ አላውቅም። አባቴ ከአሰብ የምትነሣ የእህል መርከብ ጸሐፊ ነበር። መርከቧ ስትሰጥም መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ ጀልባ ላይ ለወረደ ጓደኛው ወረወረለት። እሱ አልወጣም። ጓደኛው እዚህ መርሳ ከተማ ድረስ አምጥቶ ለእማዬ ሰጣት። ያኔ ሦስት ዓመቴ። ፊቱን አላስታውስም። የማውቀው እጅ ጽሑፉን ብቻ።

እርጥብ ነገር ሲገጥመኝ መላዬ አንድ ነው፤ ፀሐይ። ገጾቹን ለያይቼ ከበርበሬው ጎን ሸራ ላይ ዘረጋሁ። ጠጠር ጫንኩባቸው።

ጥቅምት 6

ደረቁ። ቀለሙ ግን ሄዷል። አንዳንዱ ገጽ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፀሐይ የበዛበት በርበሬ ነጥቶ ዋጋው ይወድቃል፤ ይህን ለገበሬው የምመክር እኔ ነኝ!

በመጨረሻው ገጽ አንድ መስመር ተርፏል፦ «የረጠበውን ስንዴ ወለሉ ላይ አሰጣን።» ስለ እማዬ፣ ስለ እኔ አንድ ቃል የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልግ ኖሬ ያገኘሁት ስንዴ ነው። ቢሆንም ደጋግሜ አነበብኩት።

እማዬ መዝገቡ ደኅና ነው ወይ አለችኝ። ደኅና ነው አልኩ። ዋሸሁ።

ጥቅምት 9፣ ወልድያ

አሮጌ ሰነድ የሚያስቀምጡ የታሪክ መ/ር ዘንድ ሄድኩ። «አንተ ሰውዬ፣ በርበሬ መሰለህ?» ብለው ሣቁ። ገጾቹን ሲያዩ ሣቃቸው ቆመ። የተረፈው እንዲቆይ ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል ይሻል፤ የመርሳ ሙቀት ይጨርሰዋል። እዚህ ይቅር፣ ለእናንተ ቅጂ ይበቃል አሉ። መጥቼ ማየት እችላለሁ? አልኳቸው። በፈለግህ ጊዜ አሉ። ደረሰኝስ? ይሰጣል። ነገሩ ያዋጣል። እጄ ግን መዝገቡን አልለቅ አለ። እናቴን ላማክር ብዬ ይዤው ተመለስኩ።

ጥቅምት 10

ለእማዬ እውነቱንም የመ/ሩን ሐሳብም ነገርኳት። ማንበብ አትችልም። ባዶውን ገጽ በጣቷ ዳበሰችው።

«ያኔ አባትህን ለባሕር ሰጠሁ፤ አሁን ደግሞ ለወልድያ?»

መዝገቡን መልሼ ጠቀለልኩት። ዋጋ ብትጠራ እመልስላት ነበር።

ጥቅምት 12፣ ከምሳ በኋላ

እማዬ ራሷ ሱቅ ድረስ መጣች። ሁለት ቀን አስባበት ኖሯል። «ወልድያ እንኳ ደርሶ መመለሻ አለው። ውሰደው፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

ለመ/ሩ ደወልኩ። የሚሞላ ቅጽ አለ፤ የሰጪ ስም፣ ከመዝገቡ ጸሐፊ ጋር ያለው ዝምድና። በእኔ ስም ሊሆን ነበር። በእሷ እንዲሆን ወሰንኩ። ዝምድናው ምን ይባል አልኳት።

«ሚስቱ በል» አለች። ቀጥላም፣ «ነበረች እንዳትል፣ አደራ!»

እንዳለችው አስጽፋለሁ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ።