«ተቀመጡ» ማለት «እሺ» ማለት አይደለም

ውድ እትዬ ዓለምነሽ፣

ስልክዎን ስለማያነሱ ነው የምጽፍልዎ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ ሴትዮ ደንበኛዋ መልስ እንደማይሰጡ ትነግረኛለች። አምቦ እህትዎ ቤት እንዳሉ አውቃለሁ። እንኳን እኔ፣ አዲሱ ገበያ ያለው ተራ አስከባሪም ያውቃል። የሰፈራችንን ነገር መቼም ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ሰው ተደብቆ የሄደበት ቦታ ሻንጣው ሳይፈታ ይታወቃል።

ተናድጄብዎታለሁ። ይኸው ተናገርኩት፣ ቀለል አለኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የእናት ያህል የማየው እርስዎን ስለሆነ ነው የደፈርኩት እንጂ፣ ሌላ ሰው ቢሆኑ ከንፈሬን መጥጬ አልፌ ነበር።

ያን ቅዳሜ እኔ ጓዳዎ ሽንኩርት እየከተፍኩልዎ ነበር፣ ያስታውሳሉ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ድምፃቸውን ሰማሁ። ጋሽ ዋቅቶላ ከፊት ናቸው፤ ሁለቱ የጉባኤ ሽማግሌዎች ከኋላ። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

«ልንቀመጥ አልመጣንም፣ ወይዘሮ ዓለምነሽ። እሺ ካላሉን አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም።»

«ምነው? ምን በደልኳችሁ?»

«ወንጌላዊ ገለታ ተሳስቷል። ሥጋ ለባሽ ነው። ነገሩ ፖሊስ ጋ እንዳይደርስ፣ በይቅርታ እንዲያልቅ ነው የምንለምነው።»

ጋሽ ዋቅቶላ የበሩን መቃን ተደግፈው ቆመዋል፤ ያ የታመመ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ከጓዳ ሆኜ እንኳ ይታየኛል። እርስዎ ደግሞ ሽማግሌ ሰው ቆሞ ማየት መቼ ይሆንልዎታል! «ኧረ በሞቴ ተቀመጡ! በዚህ ጉልበትዎ!» ብለው ወንበር ሳቡ።

በቃ። ሦስቱም ተያዩና ተቀመጡ። «ክብር ለጌታ ይሁን!» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ቢላዬን እንደያዝኩ ስወጣ አሜን ተብሎ አልቆ ነበር።

እሁድ የሆነውን ሮሃ ናት የነገረችኝ፤ እኔ እንደሚያውቁት ቀጨኔ መድኃኔዓለም ነበርኩ። ከመድረክ ላይ «በአንድ ቤተሰብና በአገልጋያችን መካከል የነበረው አለመግባባት በእርቅ ተፈትቷል» ተባለ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ልጅዎ ሮሃ አጠገብዎ ተቀምጣ ነው እልል የተባለው።

አለመግባባት! ሰውየው ከመዝሙር ልምምድ በኋላ «ልጸልይልሽ» ብሎ ቢሮው አስቀርቷት፣ በር ቆልፎ በጉልበት ደፈራት። ምኑ ላይ ነው ያልተግባቡት? የመዝሙሩ ዜማ ላይ ነው?

ማክሰኞ ስመጣ ደግሞ እርስዎ ልብስ እያጠፉ ነው። «ቃል ወጥቶኛል፣ ሐመልማል። ሽማግሌ አስቀምጫለሁ። አሁን ምን አፍ አለኝ?» ብለውኝ ወደ አምቦ ሄዱ። እትዬ፣ እርስዎ ለሰው ወንበር ነው የሰጡት! የልጅዎን ነገር አልሰጡም። ደግሞስ የእርስዎ ነው እንዴ የሚሰጡት?

ባለሱቋ የዓለምወርቅ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች ልንገርዎ? «እነሱ ጋ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ እኛም ጋ ቢሆን ካባ የለበሰ ሰው ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚታሰበው ካባው እንዳይቆሽሽ ነው» አለችኝ፣ የዱቄት ሳሙና እየመዘነች። ሰፈር ሙሉ የምታማ ሴትዮ ናት፤ በዚህ ግን አልተሳሳተችም።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ሮሃ ቤት ዘግታ ተኛች። ምግብ ባመጣ አትነካም። አንድ ጠዋት ግን ተነስታ፣ ጸጉሯን አስራ፣ «ሽማግሌ የጨረሰውን ሕግ ይከፍተዋል ወይ? የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ። ለሴቶች በነፃ ጥብቅና ወደሚቆሙ ሰዎች ወሰድኳት። የተቀበለችን ጠበቃ ረይሃና ትባላለች፤ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ሻይዋን ሁልጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ የምትጠጣ ልጅ። ሁሉንም ሰምታ እስክትጨርስ ያቋረጠችን አንድ ቦታ ብቻ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ። እናትሽ ተቀመጡ ስላሉ ነው ጉዳዩ አለቀ የተባለው?»

«አዎ» አለች ሮሃ።

«ሽማግሌ አስገድዶ መድፈርን ይዘጋል የሚል ሕግ ካገኛችሁ አምጡልኝ። እኔም ይህን ቢሮ ዘግቼ ሽማግሌ እሆናለሁ።»

ሮሃ ሳቀች! እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ረይሃና ያስረዳችንን እኔ እንደገባኝ ልንገርዎ። ይህ ዓይነቱ ወንጀል የሮሃና የገለታ የግል ጠብ አይደለም፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። የእርስዎ እሺታም ሆነ የጉባኤው እልልታ ምርመራውን አያስቆመውም። ቤተ ክርስቲያኗ ከአገልግሎት ብታግደው ያ የራሷ ሥርዓት ነው፤ የፍርድ ቤትን ቦታ አይተካም። ችሎቱ ዝግ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ሰፈሩ ጆሮውን ቀስሮ አይሰማትም። ለደረሰባት ጉዳት ካሳ መጠየቅ የሮሃ ምርጫ ነው። የሚያስፈራራት ሰው ካለም የምትጠለልበት ቦታ አለ። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሐኪሙም፣ አማካሪዋም፣ ፖሊሱም አንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ፤ ሮሃ ከአማካሪዋ ጋር መነጋገር ጀምራለች፣ እንቅልፏም ትንሽ ተመልሷል።

ቀሚሷን ግን እትዬ... ያን ዕለት ማታውኑ አጥበው አሰጡት። ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ተይዞ፣ እሷም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነበረባት አሉን። ማን ነግሮዎት! ማንስ ነግሮን ያውቃል! ለሠርግ ስንት ድስት እንደሚጣድ የማያውቅ ሴት በዚህ ሰፈር የለም፣ ይህን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ረይሃና «ይከብዳል እንጂ አልተዘጋም» ብላለች።

መንገዱ ሁሉ ለስላሳ ነበር ብዬ አልዋሽዎትም። ፖሊስ ጣቢያ መጀመሪያ የገባንበት ቢሮ ያለው ሰውዬ ገና ሮሃ ሳትቀመጥ «የእግዚአብሔር ሰው ከመክሰስ በእርቅ ብትጨርሱት አይሻልም?» አለን። ራሴን ጨምድጄ ያዝኩ። ረይሃና ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ስሙንና ኃላፊነቱን ጠየቀችው። ወዲያው ወደ ሴቶችና ሕፃናት ክፍል የሚያደርሰን ሰው ተገኘ።

ወሬው ሲደርሳቸው ጋሽ ዋቅቶላ ተመለሱ። ብቻቸውን ነበሩ። በር የከፈተችላቸው ሮሃ ናት።

«ልጄ፣ እናትሽ እኮ እሺ ብላናለች።»

«እናቴ እግርዎ አሳዝኗት ነው ጋሼ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር...»

«ሽማግሌ ከሆኑ ገለታን ይዘውት ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። እዚያም መቀመጫ አለ።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቁልቁለቱን ወረዱ። ክፉ ሰው ቢሆኑ እኮ ይቀለኝ ነበር፤ የሚያበሽቀኝ ክፉ አለመሆናቸው ነው። እርስዎ በታመሙ ጊዜ ሆስፒታል ደጅ ያደሩ ሰው ናቸው። ለሁሉም ያዝናሉ፤ ለገለታ ልጆች፣ ለገለታ ሚስት፣ ለጉባኤው ስም። ሮሃ ጋ ሲደርስ ሐዘናቸው ያልቃል።

ባለፈው ሐሙስ ሮሃ ቃሏን ሰጠች። መርማሪዋ ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትጠይቀው። አጠገቧ እንድቀመጥ ሮሃ ስለፈለገች ፈቀዱልኝ።

«መጀመሪያ ለማን ነገርሽ?»

«ለእናቴ።»

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ገላዬን አጠበችኝ፣ ቀሚሴን አጠበችው፣ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ።»

መርማሪዋ የእርስዎ ምስክርነት እንደሚያስፈልግ ነገረችን። ያን ማታ ሮሃ ምን ሆና እንደገባች ያየ ከእርስዎ ሌላ ሰው የለም። ሌላ ነገር እንዲፈጥሩ፣ እንዲጨምሩ የሚፈልግ የለም። ያዩትን ብቻ። ለሽማግሌዎቹ ቃል የገቡ ከመሰለዎት ረይሃና ራሷ ቁጭ ብላ ታስረዳዎታለች፤ ከጎንዎም አትለይም፣ እኔም አልለይም።

ይህን ልነግርዎ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ግን ከዚያ ስንወጣ ሮሃ ደረጃው ላይ ቆማ እጄን ያዘችኝ። «ሐሙዬ» አለችኝ፣ «እማዬ ያላመነችኝ ይመስልሻል?»

አምናሻለች ልላት ፈለግሁ፤ ግን ከእርስዎ አፍ አልሰማሁትም። አጥበዋታል፣ ደርበውላታል፣ ከሰው ፊት ሸሽገዋታል። ይህ ሁሉ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ የምትጠብቀው ቃል ግን በመካከሉ የለም።

ስለዚህ ለእኔ አይመልሱልኝ። የምስክርነቱንም ነገር ነገ ያስቡበት። ያመኗት ከሆነ ዛሬ ይደውሉና ይንገሯት። ያላመኗት ከሆነም ይደውሉ፤ ቢያንስ በር በተንኳኳ ቁጥር እርስዎ እየመሰሏት መነሳቷን ትተወው።

ተቆጥታም የምትወድዎ፣
የጓሮ ጎረቤትዎ ሐመልማል