የእሙሽ ቅቤና የፍልሰታ ስለት

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አበባየሁ፣ ደብረ ታቦር።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ክረምቱ አልቆረጠመሽም? አባባስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኛ እዚህ ነገሌ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህቴ ጥሩነሽ ስታነብልሽ ቅቤ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እንዳትዘል አደራ።

እናቴ፣ ልጄ እሙሽን በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ ከጣላት ዛሬ መቶ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሆነ! አንቺ ግን «ከዳነች ሰባት ዓመት ሲሞላት ፍልሰታን ትጾማለች» ብለሽ ለእመቤታችን ተስለሻል፤ እሷም ሰባት ሞላት፣ ፍልሰታም ደረሰ። የምጽፍልሽ ለዚሁ ነው።

በጥር አዲስ አበባ ስንወስዳት ሐኪሙ ራሷ ላይ ሽቦ አጣብቆ የአንጎሏን ሁኔታ በወረቀት አወጣው። ቡዳም ዛርም አይደለም፣ ከስንት አንድ ሰው የሚይዝ፣ ክኒን ብቻውን የማይረታው የአንጎል በሽታ ነው አለን። መቼ መቼ እንደሚጥላት ሲጠይቀኝ ማለዳ፣ ቁርስ ሳትቀምስ አልኩት። አንጎሏን የሚያረጋጋው ስብ ነው ብሎ ከክኒኑ ጋር ቅቤ፣ ስልባቦት፣ እንቁላልና ጮማ አዘዘላት፤ ማር፣ ስኳርና ዳቦ እርም፣ እንጀራም የመዳፏን ያህል ብቻ። ባለቤቴ አዳነ «ይህማ የቦረና ማዕድ ነው» ብሎ ሳቀ። እውነትም ጎረቤታችን ጉያቱ ናጋ ናጋ፣ ሰላም ሰላም ማለቷ ነው፣ እያለች በየጠዋቱ ስልባቦቱን በወተት ዕቃዋ በጮጮ ታመጣለች። ልጅ በዳዳ፣ በቅቤ ማለቷ ነው፣ እንጂ በጎመን ያድጋል ወይ ብላ ትገላምጠኛለች።

ጥፋቴን ልናዘዝልሽ። ሁዳዴ ሲገባ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ ሁለት ሳምንት ሳይጥላት ስለሰነበተችም ድና የለ ብዬ፣ ሽሮና ዳቦ አበላኋት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አራት ጊዜ ጣላት። ያን ቀን ያለቀስኩትን አልነግርሽም። የንስሐ አባታችን መምሬ ቢረሳው፣ ለታመመ ልጅ ምግቡ መድኃኒቱ ነው፣ መድኃኒት ነስተሽ ጽድቅ ታገኛለሽ ወይ ብለው ተቆጡኝ። መቶ ስግደትም አሸከሙኝ፤ ወገቤ እስከ ፋሲካ አላገገመም።

አሁንም ስለትሽ እንዳይፈርስ መምሬን አማክሬ፣ ፍልሰታን እኔ ድሮም የምጾመው ነውና ጳጉሜን አምስቱንም ቀን በእሷ ፈንታ እኔ ልጾምላት ነው። አንቺም ይሁን በይኝ፣ መርቂያትም። ያንቺ ቃል ካልመጣ ስልባቦቱን ባጠጣኋት ቁጥር ልቤ ይፈራል። ማር ግን አትላኪ፤ ያለፈው ማሰሮ በሙሉ አዳነ ሆድ ገብቷል።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ጥሩነሽን ስለ ድምጿ አመስግኚልኝ፤ ወንድሜን ኃይለማርያምንም ደብዳቤ መጻፍ እጅ አይቆርጥም በይልኝ። አዳነ እጅ ይነሳል፤ ጉያቱም ሳታውቅሽ ናጋ ትልሻለች።

እሙሽ አጠገቤ ቆማ ጨርሺ እያለች ትነዘንዘኛለች። አምና ብቻዋን ከጓሮ አላስወጣትም ነበር። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፣ ብቻዋን። እኔ እስክትመለስ ደጅ ቆሜ አያታለሁ።

ልጅሽ ሐረገወይን
ነገሌ ቦረና፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.