የሠልጣኞችን ዶሮ ቀምሰው ለሄዱት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ወልደ ሰንበት፣
የወጣቶች ሥልጠናና ሥራ ፈጠራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ሆድዎስ ደህና ሰነበተ? እኛ አሊዩ አምባዎች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከሥልጠናዎ የተረፍነው ደህና ነን። እኔ በዶሮ እርባታ አሠልጥነው የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ ያደረጓት የነጅዋ አባት ነኝ። ውለታዎን ሳልመልስ ብሞት ይቆጨኛልና ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፤

፩. ልጄ የጀመረችውን የልብስ ንግድ አስትተው ስላሠለጠኑልኝ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ከደብረ ብርሃን ይዞት የወረደው ትምህርት ጫጩትን ከብርድ ስለ መጠበቅ ነበርና፣ በእኛ ቆላ ሙቀት ግማሾቹ ጫጩቶች በዕውቀት ብዛት ሞቱ።

፪. የተረፉት እንቁላል መጣል በጀመሩ ሰሞን ከእንግዶችዎ ጋር ለጉብኝት ሲመጡ፣ ውጤቱን በዓይን ማየት አልበቃ ብሎዎ በአፍዎም ስላረጋገጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በአገራችን ክርስቲያን ሙስሊም ጎረቤቱን ሊጋብዝ ሲያስብ ቢላዋውን ለሙስሊም ያቀብላል። እርስዎ አንኮበር ተወልደው ያደጉ፣ ይህን ወግ የሚያውቁ ሰው ሲሆኑ፣ ቢላዋውን ለሾፌርዎ ሰጡ። ስለዚህም ዶሮዎቹን ያሳደጉት ልጆች መረቁን እንኳ ሳይቀምሱ ቆመው እጅ አስታጠቡ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እርስዎን የሚቆጭዎ ነገር እንዳይኖር ልጆቻችን የድርሻቸውን ተወጥተዋል። እኔ ግን፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ ከንዴት የተነሣ አልቅሻለሁ።

፫. በማግስቱ በስብሰባ ላይ ለማኅበሩ የገበያ ትስስር እንደተፈጠረለት መናገርዎን ሰማሁ። እውነት ነው። ከዶሮ ቤቱ እስከ ጉሮሮዎ የተዘረጋው መንገድ እንደ ወረዳችን መንገድ ጉድጓድ የለበትም።

፬. ነጅዋ ምትክ ዶሮ ልትጠይቅ ቢሮዎ ድረስ ብትወጣ፣ ወጣት የመንግሥትን እጅ መጠበቁን ትቶ ለራሱ ሥራ መፍጠር እንዳለበት መክረው ስለመለሷት አመሰግናለሁ። ምክርዎን ሰማች፤ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ለደላላ ከፈለችና በአፋር በረሃ አድርጋ ወደ ጅቡቲ ተነሣች።

አላህ ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለጥርስዎ ብርታት ይስጥልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከባዶ ዶሮ ቤት ጋር፣
ረሺድ ዓብዱራህማን
ከአሊዩ አምባ

ማስታወሻ፦ በሪፖርትዎ ነጅዋን ሥራ ካገኙ ወጣቶች ጋር እንደቆጠሯት ነገሩኝ። ከሄደች ወዲህ እናቷም እኔም ድምጿን አልሰማንም፤ ከሕያዋን እንቁጠራት ከሙታን አላወቅንም። እርስዎ መቁጠር ያውቁበታልና እባክዎን ይንገሩን።