ውሳኔውን ለእኛ አትተዪ

ቢቸና
ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሩክታይት
ሞጣ

የልጄ ሚስት ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? እኛ ከፍርሃቱ በቀር ደኅና ነን። አማትሽ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ለጥምቀት ወረብ ሊያስጠኑ ሄደዋል፤ ሳይመለሱ ልጨርስ ብዬ እየተጣደፍኩ ነውና ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቂብኝ። ያልደወልኩልሽ ቤታችን ጆሮ ስለበዛበት ነው።

እህቴ ባንቺዓለም ከአንቺ ዘንድ ስትመለስ ሁሉንም ነገረችኝ። ደም ግፊትሽ አልወርድ ብሎ ኩላሊትሽን መንካቱን፣ ሐኪሙም «ፅንሱ ለመወለድ አልደረሰም፤ ከቀጠለ ግን እናትየዋ አትተርፍም፤ አሁኑኑ መቋረጥ አለበት» ማለቱን። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን የአንቺ መልስ ነው። «መሪጌታ ያሉት ይሁን» አልሽ አሉ! ምን ነካሽ?

መሪጌታ ያሉትንማ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ጠበቃ ይዘው ፍርድ ቤት አመለከቱ። የተፀነሰ ልጅ ለጥቅሙ ሲሆን እንደተወለደ ይቆጠራል የሚል ሕግ አለ አሉ። ይህን ይዘው «የልጄ ወራሽ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ያለ እኛ ፈቃድ እንዳይነካ ይታገድልን» ብለዋል። ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ምስክሮቹን ታውቂያቸዋለሽ። ባልሽን ምንይሉን የቀበርን ዕለት፣ በእኛ ቤት ወግ፣ ነገ ሰው አፍ እንዳትገቢ ብለን ፅንስ እንዳለሽ በለቀስተኛው ፊት ስናስነግር የሰሙት ሽማግሌዎች ናቸው። ለክብርሽ ያደረግነው ነገር ዛሬ መታሰሪያሽ ሊሆን ነው። እኔንም ምስክር ብለው ቆጥረውኛል።

«እሷ ብትሞትስ?» አልኳቸው።

«እሱን እግዜር ያውቃል። የምንይሉን ዘር ግን ሐኪም አያጠፋብኝም!» አሉኝ።

ክፉ ሆነው እንዳይመስልሽ፤ ኀዘኑ አሳውሯቸው ነው። የምንይሉን ጋቢ ለብሰው ነው የሚውሉት። እኔ ግን ፈራኋቸው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እሳቸውን ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ለባንቺዓለም እንዳስረዳት፣ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከወደቀ የሚጠየቀው የአንቺ ቃል ብቻ ነው። የመሪጌታ አይደለም፤ የእኔም አይደለም። ስለዚህ ሰኞን አትጠብቂ። እግድ የያዘ ፖሊስ በራችሁን ሳያንኳኳ ሂጂ። አይ፣ እኔም ማዘዜ ነው መሰል፤ ይቅር በይኝ። ራስሽ ወስኚ። እችለዋለሁ፣ እወልደዋለሁ ብትዪም ልቤ እየራደ እጸልይልሻለሁ። ብቻ ለእኛ ብለሽ አትሙቺ።

ያንን ልጅ እንደ እኔ ማን ተመኘው? የምንይሉን ሳቅ ደግሜ እሰማለሁ ብዬ ነበር። አሁንማ ሰኞ ዳኛው ፊት ምን እንደምል እንጃ። «ልጅቷን ተዉአት» ብል ቤቴ ተመልሼ መግባቴንም አላውቅ። ዝም ብል ደግሞ አንቺን ማጣቴ ነው። ሲቆጡኝ እሸነፍ ይሆን ብዬ ራሴን እፈራለሁ።

የውጭ በሩ ተንኳኳ፤ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥምቀቱን በሰላም ያውልሽ። ድንግል ማርያም ከራስጌሽ አትለይ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ወደ ቢቸና ግን፣ እኔው ራሴ ነይ ብዬ ባስጠራሽ እንኳ፣ እንዳትመጪ።

እናትሽ
የሺእመቤት