«ከስህተታችን እንማር» ያልኩት ገጽ

ማክሰኞ

አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጠዋት ስብሰባ ላይ ነው። የመደብሩ ባለቤት ልጅ የሆነችው ሥራ አስኪያጃችን ሐያት፣ የሠራሁትን የሠራተኞች ገጽ ለሁሉም አሳየች። ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያ ነው የምንሸጠው። ደንበኛ ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ አንድ ቦታ እንዲገኝ፣ አራዳም ሆነ አዘዞ ወይም ደባርቅ ቅርንጫፍ ያለው ሠራተኛ ከኮምፒውተሩ ከፍቶ እንዲያነብ ብለን ነው ያዘጋጀነው። ወራት ለፋሁበት። ስለ ዋስትናው፣ ስለ ዕቃ አመላለሱ፣ ሁሉም ሸጋ ሆኖ ተጽፏል። ሐያት ግን የከፈተችው «ከስህተታችን እንማር» የሚለውን ክፍል ነው። ጮክ ብላ አነበበችው።

«አንዲት የሽያጭ ሠራተኛችን ባለቤቷ ጥሏት በሄደ ሰሞን ሐሳቧ ተበታትኖ፣ ተኝቶ የተጓዘ ፍሪጅ ወዲያው እንደማይሰካ ለደንበኛው ሳትነግረው ቀረች። ሞተሩ ተቃጠለ።»

ስም አልጻፍኩም። ግን ለዚያ ከኮሶዬ ለመጣው ደንበኛ ፍሪጁን ማን እንደሸጠለት የማያውቅ የለም። የማያውቁት የባሏን ነገር ነበር። «መተማ ለሥራ ሄዷል» ነበር የምትላቸው። እውነቱን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠን፣ እያለቀሰች።

እትዬ ትርንጎ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዞር ብላ አላየችኝም።

ረቡዕ

አልመጣችም።

ለምን ጻፍኩት? የባሏ ነገር ባይኖርበትም የፍሪጁ ትምህርት ያው ነበር። ታሪኩ ልብ እንዲነካ ብዬ ነው። እንዲያመሰግኑኝ ብዬ ነው። ይኸው አመሰገኑኝ።

ሐያትን «ያንን ጽሑፍ ላጥፋው» አልኳት።

«ምነው? ሰው ወዶ የሚያነበው እኮ እሱን ብቻ ነው» አለችኝ።

በምስጢር የተነገረኝ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ስለ ገጹ ቀለም አወራሁ። ፈሪ።

ሐሙስ

ሳላስፈቅድ አጠፋሁት። ትንሽ ተነፈስኩ። ብዙም ሳይቆይ ከደባርቅ ተደወለ፤ «ያ ጽሑፍ የት ገባ?» ይላሉ። አጠፋሁት ስላቸው «ግድ የለም፣ ፎቶ አንስተነዋል» አሉኝ። በየስልካቸው ተላልከውታል!

ሌላም ነገር አለ። ለገጹ የሚሆን ታሪክ ልሰበስብ አዘዞ ወረድኩ። ገንዘብ ተቀባይዋን «ሰሞኑን ያስቸገረሽ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኧረ ሁሉም ደህና ነው።»

ሌሎቹም እንደዚያው። በፊት ሲያዩኝ ወሬ ይጀምሩ ነበር። አሁን ሲያዩኝ ያቋርጣሉ። እውነታቸውን ነው።

ዓርብ

ቤቷ ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ፣ እንደ በሽተኛ ጠያቂ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

በሩን ከፈተችልኝ፤ ግቢ ግን አላለችኝም።

«ስሜን እንዳልጻፍሽ ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?»

ልላት ያሰብኩት ልክ እሱን ነበር።

«አይደለም፣ እትዬ። አጥፍቼዋለሁ።»

«ከማን ልብ ላይ አጠፋሽው? ጎረቤቴ ትናንት አይዞሽ አለችኝ። እኔ እኮ መተማ ነው ያለው እያልኩ የከረምኩት አይዞሽ እንዳልባል ብዬ ነው።»

ይቅርታ አልኳት።

«እዚህ በር ላይ ለሁለታችን ብቻ አትበይው» አለች። «እነሱ ፊት በዪው። የነገርኩሽን ሳትጠይቂኝ እንደጻፍሽው ይስሙ።»

ብርቱካኑን አልተቀበለችኝም። ይዤው ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ተናገርኩ። ሠራተኛው ሳይበተን ሐያትን ዕድል ስጪኝ አልኳት። ያነበባችሁት በእምነት የተነገረኝ ነው፣ ሳላስፈቅድ ነው የጻፍኩት፣ በስልካችሁ ያለውን እባካችሁ አጥፉልኝ አልኩ። ከእንግዲህ ለባለጉዳዩ ሳይነበብለትና እሺ ሳይል ምንም አይለጠፍም አልኩ።

ማንም አላጨበጨበም። አንዷ ቦርሳዋን ስትዘጋ ሰማሁ።

ሐያት ተቆጣች። «በምስጢር የተነገረሽን ጮክ ብዬ ሳነበው ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር?» አለች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። እሷንም አሳፍሬያታለሁ ለካ።

እትዬ ትርንጎ የለችም። የሚነግራት አይጠፋም።

ሰኞ

መጣች! ሁሉንም ሰላም አለች። ለእኔ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ምሳ ከሌሎቹ ጋር በላች። አልተጠጋሁም።

ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ ሽማግሌ አያ ታከለ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። «እንፍራንዝ የላክነው ዕቃ ላይ አንድ ነገር አበላሽቼ ነበር፤ ሌላው እንዳይሳሳት ቢጻፍ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ዓይናቸው ወደ እትዬ ትርንጎ ሄደ። እሷ ለአንዲት ደንበኛ ምድጃ እያሳየች ነበር።

ዘወር ሳትል፣ «ይንገሯት አያ ታከለ፤ ሳታነብልዎ አትለጥፈውም» አለች።

ስሜን አልጠራችም። ይቅር ብላኝ ይሁን ለእሳቸው ብላ፣ አላወቅኩም። ወንበር ሳብኩላቸው።