አማካሪዎቼ «አባትሽን ጠይቂ» አሉኝ

ይድረስ ጅግጅጋ ላሉት ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ ለአባባ ጀማሉዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሱቅ ውስጥ ቆሞ መዋሉ አልበረታብዎትም? እማዬስ፣ ንፋሱና አቧራው ሳሏን አላባሰባትም? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። አክስቴ ነጂባ «ብዪ፣ ብዪ» እያለች አወፍራኛለች፤ ቢያዩኝ አያውቁኝም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ፈርቼ ነው። በስልክ ሲሆን ገና «ቢልቂስ» ብለው ሲጠሩኝ «እሺ አባባ» ማለቱ ይቀድመኛል። በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል ብዬ ነው፤ እቃ ለሚያመጣልዎት ሹፌር እሰጠዋለሁ።

ጉዳዩ ጋሽ ሙንዚር ለእርስዎ ብለው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ቢሮ ያገኙልኝ ሥራ ነው። ደመወዙም ከዚህ ይሻላል፤ አላህ ይስጣቸው። ተመርቄ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆኜ መቅረቴ እንደሚከነክንዎትም አውቃለሁ። ግን እዚህ አንድ ነገር ጀምሬአለሁ፤ እሱን ሳይሰሙ አይፍረዱብኝ።

መስከረም ላይ ቤተ መጻሕፍቱን ስረከብ ዝንብ እንኳ አይገባበትም ነበር። ለርዕሰ መምህሯ ለወይዘሮ ሥርጉት፣ ክፍሉ እንዴት ቢሆን እንደሚሻል የሚመክሩኝ ተማሪዎች ላሰባስብ አልኳቸው። «ጎሽ!» አሉና ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ጠሩልኝ። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ለሁሉ ነገር የሚጠራው የደረጃ ተማሪ አይደል? ፀጉራቸውን አበጥረው ተደርድረው ተቀመጡ። ምከሩኝ ስላቸው ጸጥታ ይከበር፣ ያረፈደ ይቀጣ፣ የሚያወራ ስሙ ይጻፍ አሉኝ። ይህንንማ አስተማሪዎቹም ይነግሩኛል።

ኩኩ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ በመስኮት ታየን ነበር። እነሱ እስኪወጡ ጠብቃ፣ «ቲቸር፣ እነዚህ እኮ እዚህ ገብተው አያውቁም፤ ቤታቸው መጽሐፍ ሞልቷል። በሩ ላይ ስንመላለስ የምንውለው እኛ ነን» አለችኝ። ታዲያ ለምን አትገቡም ስላት፣ «ገብተን ምን እናድርግ? የመጽሐፉን ቁም ሣጥን ቆልፈሽዋል» አለች። «አንቺ» ነው የሚሉኝ፤ እርስዎ ቢሰሙ ይቆጡ ነበር፤ እኔ ግን እንደ እህት ስላዩኝ ደስ ይለኛል።

በማግስቱ በር ላይ የሚመላለሱትን ሰብስቤ አዲስ አማካሪ ቡድን አቋቋምኩ። ከፊተኞቹ የስድስተኛ ክፍሉ እንየው ብቻ «እኔ ማንበብ እወዳለሁ» ብሎ አብሯቸው ቀረ። ስለዚህ ክፍል እናንተን ሳልጠይቅ የምወስነው ነገር አይኖርም ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ቁም ሣጥኑ ይከፈት አሉ፤ ተከፈተ። ወንበሩ ለአንደኛ ክፍሎች ይረዝማል፣ ሰሌን ይነጠፍ አሉ፤ አክስቴ ነጂባ ሰጠችን። አሁን ቢያዩዋቸው አባባ፣ ትንንሾቹ በሆዳቸው ተኝተው ትልልቆቹ ያነቡላቸዋል። «ጸጥታ!» የሚለውን ማስታወቂያ ኩኩ ራሷ ነቀለችው። ወይዘሮ ሥርጉት «ገበያ አደረግሽው» ይሉኛል፤ ግን በእረፍት ሰዓት እሳቸውም መጥተው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ።

እንዲህ ደርቶልን ሳለ ነው ጋሽ ሙንዚር የደወሉልኝ። ለልጆቹ ምናልባት ልሄድ ነው አልኳቸው። ወዲያው ኩኩ፣ «ይሄስ የዚህ ክፍል ጉዳይ አይደለም እንዴ? ለምን አልጠየቅሽንም?» አለች። እውነቷን ነው፤ ጠየቅኋቸው። «እንግዲያው ውጪልን፣ እንመካከር» ብለው ከገዛ ቤተ መጻሕፍቴ አስወጡኝ!

ወላሂ አባባ፣ አትሂጂ ብለው ያለቅሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ሲያስገቡኝ ግን እንየው እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሥራውን ማን እንዳገኘልኝ ጠየቀኝ። አባቴ በጓደኛቸው በኩል አልኩት። «የአባትን ቃል እኛ አናፈርስም። ግን ስለ እኛ ያውቃሉ?» አለኝ። አያውቁም አልኩ። «እንግዲያው ሳያውቁ ነው የወሰኑት። ጻፊላቸው፤ እስከ ሰኔ እንድትቆዪ ለምኚልን» አለ። ኩኩ ደግሞ፣ «እሺ ካላሉ ሂጂ፤ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይኸው ጻፍኩ። እግሬ አንድ ቦታ እንደማይረጋ እርስዎ ያውቃሉ፤ ኮምቦልቻም ያጓጓኛል። አሁን ብሄድ ግን የሚተካኝ ሰው ቁም ሣጥኑን መልሶ ይቆልፈዋል ብዬ እፈራለሁ። እስከ ሰኔ ከቆየሁ ሥራው ይለመዳል፤ ልጆቹም ማንም ቢመጣ «ጠይቀን» ማለት ይችላሉ። ጋሽ ሙንዚር ቦታው ረመዳን እስኪገባ ይጠብቅሻል ብለውኛል። ቆዪ ካሉኝ ራሴ ሄጄ አመስግኛቸው እተወዋለሁ። ሂጂ ካሉኝም ሳልከፋ እሄዳለሁ፤ መካሪ ሰይሜ ምክሩን አልሰማም ብል ልጆቹ ይታዘቡኛል።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ሳሏ ካልተሻላት ሐኪም ቤት ይውሰዷት። አያቴ ጣይባ በዱዓዋ አትርሳኝ። ወንድሜን ጁነይድን በኳስ ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ጎብዝ ይበሉልኝ። አክስቴ ነጂባም ለሁላችሁም ሰላምታዋን ታቀርባለች።

ደብዳቤውን ልጨርስ ስል ኩኩ አጠገቤ ቆማ፣ «አባትሽ ቁጡ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ በፍጹም ብያታለሁ። አባባ፣ አደራዎን፣ እንዳያሳፍሩኝ።

ልጅዎ ቢልቂስ ጀማሉዲን
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.