ከነካርቶኑ

ጥቅምት 5
ስለ ዓይን አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ የሳልኩት ዓይን እንቁላል መሰለ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ስዕል እስካሁን አልሆነልኝም... ጉሮሮዬ በጠመኔ ደርቋል።

ጥቅምት 8
ርዕሰ መምህሯ ጠሩኝ። ሐሙስ ተቆጣጣሪ መጥቶ የእኔን ክፍል ያያል። በፕሮጀክተር ካላስተማርኩ ስምንተኛ ክፍልን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ።

ፕሮጀክተሩ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ንብረት ክፍል ከነካርቶኑ ተቀምጧል። የንብረት ኃላፊው፣ ቁልፋቸው ከወገባቸው የማይለየው፣ ጋሼ ሰንሰለት የምንላቸው፣ «ከተበላሸ ተጠያቂ ነኝ» የሚል ቅጽ ያስፈርማሉ። ማን ይፈርማል? መምህራን ሁሉ የምናሳብበው በዚያ ነው። እውነቱ ግን... በየት በኩል እንደሚበራ አላውቅም። በልጆች ፊት ከመዋረድ ስምንተኛን ባጣ ይሻላል? አይ። እወዳቸዋለሁ።

ጥቅምት 10
ነገ ንብረት ክፍል እሄዳለሁ።

ጥቅምት 11
ሄድኩ። ጋሼ ቅጹን ዘረጉ። እስክሪብቶ አነሳሁ፣ ከዚያ ቃል አመለጠኝ።

«ልፈርምስ ጋሼ... እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም።»

ተነሥተው በሩን ዘጉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«እኔስ መች አውቄ እህቴ? ለሚወስደው ሰው አሳይ ተባልኩ። ለእኔ ማን አሳየኝ? ቅጹን ያወጣሁት እንዳትጠይቁኝ ብዬ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ! እኛ እሳቸውን ስንፈራ፣ እሳቸው እኛን ሲፈሩ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ።

ካርቶኑን ቀደድን። የእህቴ ልጅ የዓይን ስዕል የጫነችልኝን ፍላሽ ሰካን። ስንነካካው በራ፣ ግን የቱን እንደነካን እንጃ፣ ስዕሉ ተዘቀዘቀ። አልስተካከል አለ። በመጨረሻ ጋሼ ማሽኑን ራሱን ገልብጠው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጡት። ቀና አለ።

ጥቅምት 14
ዓይኑ ግድግዳውን ሞላው። ደም ሥሩ ሳይቀር ይታያል።

ተቆጣጣሪው ማሽኑ ለምን እንደተገለበጠ ጠየቀ። ስናቀናው ስዕሉ ይዘቀዘቃል፣ ማስተካከያውን አላውቅም አልኩት፣ በልጆቹ ፊት። አልሞትኩም! ጠጋ ብሎ አየና «እኔም አላውቀውም» አለ። ስምንተኛ የእኔ ናት። ተመስገን።

ጥቅምት 25
ጋሼ ቅጹን አስቀርተዋል። ፕሮጀክተሩ አሁንም ተገልብጦ ይሠራል።

ዛሬ የሒሳቡ መምህር ክፍሌ መጣ፣ ያ «ኮምፒውተር ለእኔ መጫወቻ ነው» ባዩ። ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር በየት በኩል ነው የሚበራው?»

ሳልስቅ አሳየሁት። መጀመሪያ ግን በሩን ዘጋሁለት።